ክረምት ያሰለቸው ታዳጊ ከሐምሌ እስከ መስከረም ምን ያድርግ? ዝርዝር መመሪያ

ካርድ ከተሰጠ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። እስኪጠግቡ መተኛት፣ ፊልም ማየት፣ ከጓደኛ ጋር ሰፈር መዞር። በሁለተኛው ሳምንት ዝናቡ ይጠነክራል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጓደኛ ክፍለ ሀገር ይሄዳል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይነጫነጫል። ነሐሴ እንዲሁ ያልቅና ጳጉሜ ላይ ዩኒፎርም ፍለጋ መሯሯጥ ይጀመራል።

ይህን የጻፍኩት ከ13 እስከ 18 ዓመት ላላችሁ ልጆች ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ከተማ ያላችሁም ብዙውን ትጠቀሙበታላችሁ። ወላጆች ቢያነቡት ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል። እንደ እኔ እምነት ልጆችን በክረምት የሚያማርራቸው ከዝናቡ ይልቅ የቀኑ አዛዥ ሁልጊዜ ሌላ ሰው መሆኑ ነው። መቼ እንደሚተኙ፣ የት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚሠሩ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ አንድ ሐሳብ ይከተላሉ፦ ከክረምቱ የተወሰነውን በራሳችሁ እጅ አስገቡ፣ ቀሪውን ከቤተሰብ ጋር ተስማሙበት።

ደረጃ 1፦ ያናደዳችሁን ነገር ጻፉት

አንድ ወረቀት ውሰዱ። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ ስልክ ከተከፈተ ቴሌግራም መጥራቱ አይቀርም። ከሰሞኑ ያናደዳችሁን ሁሉ አውጡት። ማንም ስለማያየው አታሳምሩት። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ነገሮች ይታወቃሉ። ወንድሜ ኳስ ሲያይ ይውላል፣ ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ። የጎረቤት ልጅ ውጤት በየቀኑ ይነገረኛል። ኪሴ ውስጥ አምስት ብር የለም። የሚኒስትሪ ውጤት መቼ ይመጣል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ከዚያ ከእያንዳንዱ አጠገብ ምልክት አድርጉ። በንግግር ሊስተካከል የሚችለውን ክበቡት። ዝናብን፣ የመብራት መጥፋትን፣ የጓደኛን መሄድ የመሳሰለውን ዝም ብላችሁ ሰርዙት፤ በእሱ ላይ ጉልበት አትጨርሱ። የተከበበው ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ሆኖ ይገኛል። ደረጃ 3 ላይ ከወላጅ ጋር የምትነጋገሩት ስለ እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቁም ነገር ልበል። መሰልቸት አንድ ነገር ነው፣ ሐዘን ሌላ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዘጋ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ለብቻችሁ አትያዙት። ለእናት፣ ለአክስት፣ ለምታምኑት መምህር ዛሬውኑ ንገሩ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ባለሙያ ማማከር ይቻላል። ይህ ነውር የለውም።

ደረጃ 2፦ ክረምቱን በበዓላቱ ከፋፍሉት

ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው። ጳጉሜ 5 ቀን ትጨምራለች፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6። ይህን ሁሉ ቀን በአንድ ላይ ካያችሁት መጨረሻ ያለው አይመስልም። ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር አውርዱና በሦስት ክፈሉት።

የመጀመሪያው ሐምሌ ሙሉ ነው። ዝናቡ ከባድ፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ቤት አካባቢ የሚሠራ ነገር ይስማማዋል። ሁለተኛው ከነሐሴ 1 እስከ 20 ያለው ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ መሐሉ ላይ ነሐሴ 13 ቡሄ አለ። በዋግና በላስታ ደግሞ ሻደይና አሸንድዬ ከፍልሰታ ፍቺ ጀምሮ ይደምቃሉ። ክፍለ ሀገር ዘመድ ያላችሁ፣ ጉዟችሁን እዚህ ውስጥ ብታደርጉት ደስ የሚል ጊዜ ታገኛላችሁ። ሦስተኛው ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም ነው፤ እሱ የትምህርት ቤት ዝግጅት ነው። ክረምቱን መድረሳ ወይም የአብነት ትምህርት የምትማሩ ልጆች የዚያን ሰዓት መጀመሪያ ካላንደሩ ላይ አስገቡ፣ ቀሪውን ከእሱ ጋር አስማሙ።

ቡሄን በተመለከተ፦ ሆያ ሆዬ ልትጨፍሩ ከሆነ ቡድኑን ሐምሌ መጨረሻ ላይ አዋቅሩ። ከሁሉም በፊት ገንዘቡን ማን እንደሚይዝና እንዴት እንደምትካፈሉ ተነጋገሩ። የሰፈር ልጆች በየዓመቱ የሚጣሉት በዚህ ነው። አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይመዝግብ፣ ማታውኑ ይከፈል። ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶችም እንዲሁ። ከዚህ የሚገኘው ብር ለደብተርና ለእስክሪብቶ ቢሆን ወላጅ ፊት የሚሰጣችሁ ክብር ቀላል አይደለም።

ደረጃ 3፦ ከወላጅ ጋር ተደራደሩ

ብዙ ልጆች የሚከለከሉት ጥያቄያቸው መጥፎ ሆኖ አይደለም። አጠያየቃቸውና ሰዓቱ ነው ችግሩ። አባት ከሥራ ደክሞ ጫማ ሲያወልቅ «ክፍለ ሀገር ልሂድ?» ከተባለ መልሱ ይታወቃል። እሑድ ከምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ ጠብቁ። ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ። ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር። አሁን ይመችሃል?»

«ምንድን ነው?»

«ከነሐሴ 5 እስከ 19 አሰላ አያቴ ጋ መቆየት ፈልጌ ነው። አጎቴ መናኸሪያ መጥቶ ይቀበለኛል፣ ደውዬ ጠይቄዋለሁ። የትራንስፖርቱን ግማሽ አጠራቅሜያለሁ። ከመሄዴ በፊት የሒሳብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች እጨርሳለሁ፣ ደብተሬን ታየዋለህ።»

አራት ነገር እንዳለበት ልብ በሉ። ቀኑ ተቆርጧል። እዚያ የሚጠብቅ ትልቅ ሰው አለ። ብሩ ታስቦበታል። በምላሹ የሚሰጥ ነገር አለ። ወላጅን እንቅልፍ የሚነሳው እነዚህ አራቱ አለመታወቃቸው ነው። «አይሆንም» ከተባላችሁ አትቆጡ፣ በር አትወርውሩ። «ምን ቢሟላ ትፈቅድልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ብዙ በር ትከፍታለች።

ስልክም በዚሁ ቀን ይነሳ። «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ» የሚለው ጭቅጭቅ የሚያበቃው ሰዓቱ በግልጽ ሲቀመጥ ነው። እኔ የምመክረው ምሽት 3 ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ላይ እንዲሰካ ነው፤ የወላጆችም ጭምር። ልጁ ብቻ ከሆነ ሕጉ ሳምንት አይቆይም።

የቤት ሥራን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ የቤቱ ሥራ ሁሉ ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። እሷ እንጀራ ስትጋግር፣ ልብስ ስታጥብ፣ ታናናሾቿን ስትይዝ ወንድሟ ፕሌይስቴሽን ቤት ይውላል። ይህ መቅረት አለበት። ሥራዎቹን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ቀን መድቡ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። ወንድ ልጅ ሽሮ መሥራትና ሸሚዝ መተኮስ ቢችል ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያመሰግናል። እህቶችም ለራሳቸው የሚሆን ሰዓት ያገኛሉ።

ደረጃ 4፦ ለሐምሌ አንድ ነገር ምረጡ

አንድ ብቻ። አምስት ነገር የጀመረ ልጅ ነሐሴ ላይ በእጁ ምንም አይኖረውም።

አዲስ አበባ ላላችሁ 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ዕድል ነው። የተከፈተው በታኅሣሥ 2014 ነው። ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ለማንበብ ክፍያ የለውም። ቤት ውስጥ ጫጫታ የበዛበት ልጅ ጠዋት ገብቶ እስከ ምሳ ቢያነብ አንድ ወር ውስጥ ለውጡን ራሱ ያየዋል። በየክፍለ ከተማውም ትናንሽ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ወረዳ ጠይቁ።

ኮምፒውተር የምትወዱ፣ ሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም እዩት። በኦንላይን በነፃ ነው የሚሰጠው፤ የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መግቢያ ትምህርቶች አሉት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሊከብድ ይችላል። ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ጀምሩት። ምዝገባው ክፍት መሆኑንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ብር ለመሥራት ለምታስቡ፦ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ የተፈቀደው ትንሹ ዕድሜ 15 ዓመት ነው። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። ካፌ ወይም ሱቅ ስትቀጠሩ ይህን እወቁ። ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል ቤተሰብ ባለበት ተስማሙ። «ሥራሽን አይተን እንከፍልሻለን» የሚባል ነገር ተቀባይነት የለውም።

ሥዕል የምትችሉ ልጆች የእንቁጣጣሽ ሥዕሎቻችሁን ከሐምሌ ጀምሩ። አደይ አበባ፣ መላእክት፣ ፀሐይ። በመጨረሻው ሳምንት የተጣደፈ ሥዕልና ጊዜ ወስዶ የተሠራ ሥዕል ከሩቅ ይለያያሉ።

ውርርድ ቤት አትግቡ። በስልክም አትጫወቱ። ክረምት ሥራ ፈት የሆነ ልጅ በሃያ ብር ይጀምርና የእናቱን ቦርሳ ወደ መንካት ይሄዳል። የዩኒፎርም ብር በዚህ የተበላባቸው ቤቶች አሉ። ጫትና ሺሻም ብዙ ጊዜ የሚጀመሩት በዚሁ በሥራ ፈትነት ወቅት ነው። ጓደኛ «አንዴ ብቻ» ሲል ተነስታችሁ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ጉዞውን አዘጋጁ

አሰላን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በአዳማ በኩል ይኬዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከወላጅ ውጪ ለሚጓዝ ልጅ ርቀቱ አያስፈራም፤ በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ይደረሳል።

መጀመሪያ ሰላሙን አጣሩ። የምትሄዱበት አካባቢ ያለ ዘመድ በዚያው ሳምንት ይደወልለት። «መንገዱ እንዴት ነው? መኪና በሰላም ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ሰላም ነበር ማለት ዘንድሮ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ዘመድ «ትንሽ ቆዩ» ካለ ይቆያል፣ ክርክር የለውም። ለአያት በቪዲዮ መደወል ይቻላል፤ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይሸጋገራል።

መናኸሪያውን ለዩ። ወደ አዳማና ሐዋሳ አቅጣጫ ቃሊቲ፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ ላምበረት፣ ወደ አምቦ አስኮ ነው የሚኬደው። ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ ወይም ሄዶ ማረጋገጥ አይከፋም። ትኬት ከመስኮት ቁረጡ። ሻንጣችሁን የሚነጥቅና «ና በዚህ፣ ሊሞላ ነው» የሚል ሰው ይመጣል፤ ሻንጣውን አትልቀቁለት። ትኬቱ ላይ ያለውን ታሪፍና የተጠየቃችሁትን ብር አስተያዩ። የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንሱና ለቤት ላኩ።

በጠዋት ተነሱ። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይበዛል፣ መንገድ ያንሸራትታል። ጨለማ ሳይመጣ መድረስ አለባችሁ። ለዚህም ነው ከ12 ሰዓት በፊት መናኸሪያ መገኘት የሚመከረው።

መኪና ላይ የሚያስመልሳችሁ ልጆች ከፊት ወንበር ያዙ። ስልክ አትመልከቱ፤ በመስኮት ሩቅ ተመልከቱ። ከመነሳት በፊት ቀለል ያለ ቁርስ ብሉ፣ ሆድ ባዶ መሆኑም መሙላቱም ይረብሻል። ዝንጅብል ማኘክ ብዙ ሰው ይረዳዋል። ፌስታል በኪስ ይኑር። መስኮት ትንሽ መክፈት ይጠቅማል፣ ግን «ብርድ ይመታኛል» የሚል ሰው አጠገባችሁ ይኖራል። በትሕትና «እማማ፣ እያጥወለወለኝ ነው፣ ለትንሽ ደቂቃ ልክፈተው?» ብትሉ እምቢ የሚል የለም።

ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ? አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከእሱ አልፎ ያለው በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ። ነሐሴ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ወፍራም ሹራብ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ ቢያንስ ሁለት ጥንድ ትርፍ ካልሲ። እርጥብ ካልሲ ሁለት ቀን ካደረጋችሁ ጉዞው ይበላሻል። የእጅ ባትሪ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ለሴት ልጆች የንጽሕና መጠበቂያ ሞዴስ፤ የገጠር ሱቅ ላይገኝ ስለሚችል ከዚህ ይያዝ። ልብሱን በፌስታል ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ አስገቡት። ሻንጣ ጣራ ላይ ከተጫነ ሸራው ሁልጊዜ አያድነውም።

ብሩን ለሁለት ክፈሉት። ለመንገድ የሚሆነው ኪስ ውስጥ፣ የመመለሻው ሌላ ቦታ። የአጎትንና የቤትን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይሰረቃልም።

ለአያት ባዶ እጅ አይኬድም። ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና ይበቃል። ውድ ነገር አያስፈልግም። ስትደርሱ ጉልበት ስማችሁ፣ ተመርቃችሁ፣ ከዚያ ነው ስለ ቻርጀር የሚጠየቀው።

አሰላና አካባቢው አፋን ኦሮሞ የሚነገርበት ነው። «አካም ጅርቱ?» ብሎ ሰላም ማለት፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን የማይችል ልጅ ከመሄዱ በፊት ይማር። ሁለት ሳምንት ከእኩዮቹ ጋር ከዋለ ብዙ ቋንቋ ይዞ ይመለሳል። እዚያ ያሉ ልጆች በክረምት ሥራ ላይ ናቸው። ከብት ይጠብቃሉ፣ አረም ያርማሉ። አብራችሁ ውጡ። በእርሻ ሥራ ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ፣ ጎንበስ በሉ። ገብሱን ከአረሙ መለየት ካቃታችሁ ከመንቀላችሁ በፊት ጠይቁ።

አትሌቲክስ ለምትወዱ ደግሞ ይህ ምድር ልዩ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ በእግሩ ይሮጥ ነበር፤ ሲሮጥ ግራ እጁ ለየት ብሎ የሚታጠፈው ደብተር በብብቱ ይዞ ከመሮጥ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። በቆጂ ደግሞ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ናት። ደራርቱ በ1984 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከተቻለ አንድ ጠዋት በማለዳ ተነስታችሁ ታዳጊ ሯጮች ሲለማመዱ ተመልከቱ። ከእነሱ ጋር ለመሮጥ ከሞከራችሁ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፤ ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል።

አሁን ስለ ጤና። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ብዙ ቤተሰብ ስለሚዘነጋው ነው። ወባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለ ቦታ ነው። አሰላ ላይ ስጋቱ ትንሽ ነው። ወደ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ መተሐራ ወይም ወደ ሌላ ቆላ የሚሄድ ልጅ ግን አጎበር ውስጥ መተኛት አለበት። ማታ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ይልበስ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ለወባ ምንም የዳበረ መከላከያ የለውም፤ በሽታው ሊጠናበት ይችላል።

ውኃ አፍልታችሁ ወይም የታሸገ ጠጡ። እርጎና ያልተፈላ ወተት ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ አያት ቢቀየሙም «ትንሽ አፍሉልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ወንዝ ላይ ቀልድ የለም። ጠዋት ቁርጭምጭሚት ብቻ የነበረ ወንዝ ከላይ በኩል ከዘነበ ከሰዓት ሰው ይወስዳል። ውኃው ደፍርሶ፣ እንጨትና ቅጠል ይዞ ከመጣ አትግቡበት። የሰፈሩ ልጆች ቢሻገሩም እናንተ ጠብቁ። መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ከዛፍ ሥርና ከሜዳ ራቁ፣ ቤት ግቡ።

ደረጃ 6፦ ነሐሴ 20 ላይ ቤት ተገኙ

ከጉዞ በመጨረሻዋ ደቂቃ መመለስ የመስከረምን ግማሽ ያበላሻል። ልብስ ለማጠብ እንኳ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በክረምት ጂንስ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ከቆላ የተመለሰ ልጅ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከያዘው «ጉንፋን ነው» ተብሎ አይታለፍ። ወባ ከተነከሱ በኋላ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው የሚታየው፤ አንዳንዴ ወር ይቆያል፣ ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የት እንደነበራችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ይህን ካልሰማ ወባን ላያስብ ይችላል።

ደረጃ 7፦ የትምህርት ቤቱን ዕቃና ወረቀት አሟሉ

ከወረቀቱ ጀምሩ። ትምህርት ቤት የምትቀይሩ ከሆነ መሸኛ፣ ያለፈው ዓመት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል። መሸኛ ለማውጣት ርዕሰ መምህሩ ወይም መዝገብ ቤት ያለው ሰው መገኘት አለበት፤ ክረምት ላይ በየቀኑ ላይገኙ ይችላሉ። ለዚህ ነው ከጉዞ በፊት ማውጣት የሚሻለው። ሁሉንም ኮፒ አድርጉና አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።

ዩኒፎርም ልብስ ሰፊ ጋ የሚሰፋ ከሆነ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተለኩ። ጳጉሜ ላይ ልብስ ሰፊው «ነገ» ማለት ይጀምራል። ታዳጊ በአንድ ክረምት ብዙ ስለሚያድግ ባለፈው ዓመት ልኬት አትስፉ። የሱሪው እግርና የቀሚሱ ጫፍ ወደ ውስጥ ትርፍ እጥፋት እንዲኖረው ጠይቁ፤ ጥር ላይ ተለቆ ይረዝማል። የአምናው ዩኒፎርም ደህና ከሆነ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ ለታናሽ ወይም ለጎረቤት ልጅ ይሰጥ።

ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ። እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ትንሽ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ ማታ ይጠብባል። ትምህርት ቤት በምትለብሱት ካልሲ ለኩት። ከአውራ ጣት ፊት ትንሽ ክፍተት ይኑር።

ደብተር ከመግዛታችሁ በፊት የአምናውን ደብተሮች በሙሉ አውጡ። ብዙዎቹ ግማሻቸው ባዶ ነው። ባዶዎቹን ገጾች በጥንቃቄ አውጥታችሁ፣ አንድ ላይ አድርጋችሁ፣ በወፍራም መርፌና በሲባጎ መሐሉን ስፉት። ለልምምድና ለቤት ሥራ ረቂቅ የሚሆን ደብተር በነፃ አገኛችሁ። አዲሱን ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ጋር አዋጥታችሁ በደርዘን ከመርካቶ ግዙ፤ ከሰፈር ሱቅ ዋጋው ይለያል። ቦርሳ ላይ ብር አትሰስቱ። የሚበጠሰው ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበት ቦታ ስለሆነ ያንን ጎትታችሁ እዩ፤ ዚፑን ደግሞ ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ።

ጥናቱስ? ሙሉውን መጽሐፍ ቀድሞ ለመጨረስ መሞከር አያስፈልግም። የአምና ፈተና ወረቀቶቻችሁን አውጡና በቀይ የተሰረዙትን ጥያቄዎች ብቻ እንደገና ሥሩ። ድክመታችሁ ያለው እዚያ ነው። ከሁሉም በፊት ሒሳብ ይምጣ፤ በሒሳብ የታለፈ ምዕራፍ ፊዚክስም ኬሚስትሪም ላይ ይከተላችኋል። የአዲሱን ዓመት መጽሐፍ ፒዲኤፍ ስልክ ላይ ማውረድ ይቻላል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ አንብቡ።

ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ የምታልፉ ልጆች አንድ ነገር ይጠብቃችኋል። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ የነበረው አሁን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆኖ ይለያያል፤ በእንግሊዝኛም ነው። በየቀኑ ጥቂት የሳይንስ ቃላትን በእንግሊዝኛና በአማርኛ እየጻፉ መያዝ በመስከረም ትንፋሽ ይሰጣል። ወደ 11ኛ የምታልፉ ደግሞ ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ መካከል ትመርጣላችሁ። «ጓደኛዬ ናቹራል ስለገባ» ብሎ መምረጥ ሁለት ዓመት ያስለቅሳል። ካርዳችሁን ዘርግታችሁ፣ የት እንደምትበረቱ አይታችሁ ወስኑ። ማኅበራዊ ሳይንስ የሰነፍ ነው የሚባለው ወሬ ውሸት ነው።

12ኛ የምትገቡት ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። በ2016 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ሁሉ ስለሚመጣ፣ ነሐሴ ላይ የ9ኛና የ10ኛን መከለስ የጀመረ ልጅ ግንቦት ላይ ከሚጀምረው በእጅጉ ይቀለዋል።

ደረጃ 8፦ እንቅልፉን አስተካክሉ

ክረምት ሙሉ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝቶ ረፋድ 4 ሰዓት የተነሳ ልጅ መስከረም ላይ በድንገት 12 ሰዓት መነሳት አይችልም። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ሰነፍ ይባላል። ታዳጊ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። 12 ሰዓት ለመነሳት ምሽት 3 ሰዓት አካባቢ መተኛት ያስፈልጋል።

ከነሐሴ 20 ጀምሮ በየሁለት ቀኑ መነሻችሁን በግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉ። መተኛውን በግድ አታምጡት፤ በጊዜ የተነሳ ሰው በጊዜ እንቅልፍ ይመጣበታል። ስትነሱ መጋረጃ ክፈቱ፣ ወደ ደጅ ውጡ፤ ደመና ቢሆንም የጠዋት ብርሃን ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅር። ሌሊት የሚሸጠው ርካሽ የኢንተርኔት ጥቅል ደግሞ እንቅልፋችሁን አይተካም፤ የሚወርድ ነገር ካለ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ወይም ዘመድ ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዱ።

ደረጃ 9፦ ጳጉሜና የመጀመሪያው ሳምንት

ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ዝናብ ከዘነበ ወጥታችሁ ተጠመቁበት፤ ልጅነት በየዓመቱ አይመለስም። ገብታችሁ ልብስ ቀይሩ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ።

አዲስ ትምህርት ቤት የምትገቡ ልጆች ጳጉሜ ላይ መንገዱን አንድ ጊዜ ሂዱበት፣ ትምህርት በሚገባበት ሰዓት። ታክሲው የት እንደሚቆም፣ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ሰልፉ ምን ያህል እንደሚያስቆም ታውቃላችሁ። ከዚያው ሰፈር የሚሄድ ሌላ ልጅ ካለ ፈልጉት። አብሮ የሚሄድ ሰው ያለው ልጅ የመጀመሪያውን ቀን አይፈራም።

ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ እስከ መስቀል ድረስ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ አይጀምርም። መምህር አልተመደበም፣ ክፍል ይቀያየራል፣ ፕሮግራም ይጻፋል ይሰረዛል። ቤት አትቅሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀመጫ የሚያዝባቸው ናቸው። ሰሌዳ ለማየት የምትቸገሩ፣ ወይም ጆሮ የምትደክሙ ልጆች ለስም ጠሪው መምህር በመጀመሪያው ቀን ንገሩና ፊት ተቀመጡ። መምህር ባልገባበት ክፍለ ጊዜ ከአምና የዚያ ክፍል ተማሪዎች ደብተር ለመዋስ ጠይቁ፤ የትኛው መምህር ከምን እንደሚፈትን ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። ደብተሩን ስትመልሱ ሳትቀድዱና ሳታቆሽሹ መልሱ፣ ታኅሣሥ ላይ ለአጋማሽ ፈተና እንደገና ያስፈልጋችኋል።